ዕቅዱ አለኝ፣ ጽሑፉ ግን ከሦስተኛው ገጽ አላልፍ አለኝ

ብዕረኛው_ጀማሪ | ሰኞ፣ ማታ 3፡20

ሰላም ለሁላችሁ። እስካሁን የናንተን ሳነብ ነው የቆየሁት። ዛሬ ግን እርዳታ ፈልጌ መጣሁ።

ስለ እናቴ ረዘም ያለ ጽሑፍ እየጻፍኩ ነው። እናቴ የመርሳት በሽታ ነበረባት። ስድስት ዓመት አስታመምኳት። ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። ያየሁትን አሁን ካልጻፍኩ እኔም ቀስ በቀስ የምረሳው ይመስለኛል።

ዕቅድ አለኝ። ሁለት ሳምንት ደክሜበታለሁ። ይኸው፦

1. መግቢያ
2. የእናቴ ልጅነት
3. የሕመሙ ጅማሬ
4. ሐኪም ቤት
5. የማስታመም ፈተናዎች
6. የቤተሰብ ሁኔታ
7. የመጨረሻው ዓመት
8. መደምደሚያ

ችግሬ መግቢያው ነው። እጽፈዋለሁ፣ በማግስቱ ሳነበው ያስጠላኛል፣ አጠፋዋለሁ። እንደገና እጀምራለሁ። እንዲህ እያልኩ ሦስት ወር ሆነኝ። አንድ ቀን እንኳ ሦስተኛውን ገጽ አልፌ አላውቅም። የመጻፍ ተሰጥኦ ስለሌለኝ ነው? ወይስ አጀማመሬ ነው የተበላሸው? እውነቱን ንገሩኝ።

---

ነፃ_ብዕር | ሰኞ፣ ማታ 3፡48

ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር።

እኔ ልቦለድ ነው የምጽፈው። ምክሬ አጭር ናት። ዕቅዱን ቅደደው። ዕቅድ ያወጣሁለት ጽሑፍ ሁሉ እጄ ላይ ሞቷል። ምን እንደሚመጣ አስቀድሜ ካወቅኩ ለመጻፍ የሚያነሣሣኝ ነገር አይኖርም። ጃክ ኬሩዋክን ተመልከት። እ.ኤ.አ. በ1951 ዝነኛ ልቦለዱን በሦስት ሳምንት ጻፈው። ወረቀት ለመቀየር እንዳይቋረጥ ብሎ ቅጠሎቹን እያያያዘ 36 ሜትር ገደማ በሚረዝም አንድ ጥቅልል ላይ ነው በታይፕ የመታው። ቁጭ በልና ልቀቀው። በቃ።

---

የጽሕፈት_መምህር | ሰኞ፣ ማታ 4፡30

ነፃ ብዕር፣ ጥቅልሉ እውነት ነው። ሦስቱ ሳምንትም እውነት ነው። ግን ታሪኩ ከዚያ በፊት ይጀምራል። ኬሩዋክ ያንን ታሪክ ለዓመታት በማስታወሻ ደብተሮቹ ላይ ሲያውጠነጥነው ነበር። ሌሎች አጀማመሮችን ሞክሮ ትቷል። ከጥቅልሉ በኋላም አርሞታል፤ መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ስለዚህ ሦስቱ ሳምንት ከብዙ ዓመት ዝግጅት በኋላ የመጡ ናቸው።

ይህን የምለው ላንተ መልስ ለመስጠት ሳይሆን ለጠያቂው ስለምሰጋ ነው። ብዙ ተማሪዎቼ «እውነተኛ ጸሐፊ ቁጭ ብሎ ያፈስሰዋል» የሚለውን ሰምተው፣ ሳይፈስስላቸው ሲቀር ራሳቸውን ይጠላሉ። ዝግጅቱ ስለማይታይ ነው። የሚታየው ጥቅልሉ ብቻ ነው።

---

ነፃ_ብዕር | ሰኞ፣ ማታ 4፡41

ደብተሮቹን አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ መምህር። ግን ልቦለድ ላይ አቋሜ ያው ነው።

---

ቀይ_እስክሪብቶ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡10

ልጄ፣ እናትህን ነፍስ ይማር። አንተንም ያጽናህ። ስድስት ዓመት ማስታመም ቀላል አይደለም።

እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት የሰው ጽሑፍ በማረም ነው። ዕቅድህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስምንት መስመር ነው። በስምንቱም ውስጥ አንድ ግስ የለም።

ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስልህ። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር የሚታሰረው በመጨረሻው ግስ ነው። ማሰሪያ አንቀጽ ይሉታል የሰዋስው ሰዎች። እሱ እስኪመጣ ድረስ አንባቢ ይጠብቃል። «የእናቴ ልጅነት» ብለህ ስታቆም እኔ እየጠበቅሁ ነኝ። ልጅነቷ ምን ሆነ? ምን አተረፈላት? አንተስ ስለሱ ምን ትላለህ? አልነገርከኝም። ምክንያቱም አንተም ገና አልወሰንክም። ርዕስ ይዘሃል፣ የምትለውን ግን ገና አልያዝክም።

መግቢያው የሚያስጠላህም ለዚህ ይመስለኛል። መግቢያ ለአንባቢ ቃል የምትገባበት ቦታ ነው። ምን እንደምትል ሳታውቅ ቃል ትገባለህ። በማግስቱ ስታነበው ራስህም አታምነውም። ታጠፋዋለህ። በዚህ ላይ ተሰጥኦን አትክሰስ። ሦስት ወር ሙሉ ደግመህ የሞከርክ ሰው ነህ። ከተሰጥኦ ይልቅ ይህ ይበልጣል።

እንዲህ አድርግ። እያንዳንዱን መስመር ሙሉ ዓረፍተ ነገር አድርገው። ማማር የለበትም። ማሰሪያ ይኑረው፣ እውነት ይሁን። «የቤተሰብ ሁኔታ» የሚለው ለምሳሌ «ወንድሜ መምጣት የተወው ስለማይወዳት ሳይሆን ማየት ስላቃተው ነው» ሊሆን ይችላል። የቤትህን ነገር አላውቅም፣ ምሳሌ ነው። ግን እንዲህ ስትጽፈው ወዲያው ጥያቄ ይወልዳል። በምን አወቅክ? መቼ ገባህ? ያኔ ምን አልከው? እነዚያ ጥያቄዎች አንቀጾችህ ናቸው። «የቤተሰብ ሁኔታ» ግን ምንም አይወልድም።

ማሰሪያ ያጣህለትን መስመር ለጊዜው ተወው። አትሰርዘው፣ ግን አትጻፈውም። አንዳንዱ ማሰሪያውን የሚያገኘው ሌላው ከተጻፈ በኋላ ነው።

መግቢያንና መደምደሚያን ደግሞ ጭራሽ ከዕቅዱ አውጣቸው። የመጀመሪያው ረቂቅ ሲያልቅ እንነጋገርባቸዋለን።

---

ተመራቂዋ | ማክሰኞ፣ ቀን 6፡05

ይህን አንብቤ የመመረቂያ ጽሑፌን ቢጋር ከፈትኩት። የኔም ያው ነው። «የችግሩ ዳራ»፣ «የተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝት»፣ «ትንተና»። አንድ ግስ የለውም!

ግን እኛ ቅርጹ ተሰጥቶን ነው የምንጽፈው። ርዕሶቹን መቀየር አንችልም። ለኔ ይሠራል ጋሼ?

---

የጽሕፈት_መምህር | ማክሰኞ፣ ቀን 7፡30

ጋሼ እስኪመለሱ እኔ ልሞክር።

ርዕሶቹ ይቀመጡ። በየርዕሱ ሥር ግን ለራስሽ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። «ከዚህ በፊት የተጻፉት ሁሉ ይህን አይተዋል፣ ያንን ግን አላዩም» የሚል ዓይነት። እሱ ነው እውነተኛው ቢጋርሽ። ርዕሱ ኮሚቴው የሚያየው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቻችን የተማርነው መጀመሪያ ማቀድ፣ ቀጥሎ መጻፍ፣ በመጨረሻ ማረም ነው። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል ተብለን። ሊንዳ ፍላወርና ጆን ሄይስ የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎች እየጻፉ ሳሉ የሚያስቡትን ጮክ ብለው እንዲናገሩ አድርገው መዘገቡ። እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተሙት ሥራ የሚያሳየው ጸሐፊ እንዲህ በተርታ እንደማይሄድ ነው። ይጽፋል፣ ዕቅዱን ይቀይራል፣ ያርማል፣ ተመልሶ ያቅዳል። አንድ አንቀጽ ላይ እንኳ ብዙ ጊዜ ወዲያ ወዲህ ይላል።

ለተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ይፈታል። ዕቅዱ መሀል ላይ ሲፈርስባቸው የተሸነፉ ይመስላቸው ነበር። ዕቅድ መሀል ላይ መቀየሩ የሥራው አካል ነው።

---

ብዕረኛው_ጀማሪ | ማክሰኞ፣ ማታ 4፡55

ጋሼ፣ ያሉኝን ሞከርኩ። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። አልቅሼም ነበር። ይኸው፦

- እናቴ ስሜን ረሳች፣ ድምፄን ግን እስከ መጨረሻው ታውቀው ነበር።
- ሕመሙን መጀመሪያ ያየሁት ጨው ሁለቴ ስትጨምር ነው፤ አይቼም ዝም አልኩ።
- ሐኪሙ የበሽታውን ስም ሲነግረን እፎይ አልኩ፣ በእፎይታዬም አፈርኩ።
- ስታስቸግረኝ የጮኽኩባት ቀን አለ።
- እህቴና እኔ የተጣላነው በእናታችን ሳይሆን በድካም ነው።

«የእናቴ ልጅነት» ማሰሪያ አጣ። ብዙ ሞከርኩ። ስለ ልጅነቷ የማውቀው ሌሎች የነገሩኝን ብቻ ነው። ትቼዋለሁ።

አራተኛውን መጻፍ እፈራለሁ።

---

ንጋት_11 | ማክሰኞ፣ ማታ 5፡20

ሁለተኛዋን መስመር ሳነብ ቆም አልኩ። «አይቼም ዝም አልኩ።» ይህ ጽሑፍ ከአሁኑ አለ ወንድሜ።

አራተኛውን አሁን አትጻፈው። ረቂቅ በቅደም ተከተል መጻፍ አለበት ያለ የለም። ቭላድሚር ናቦኮቭ ልቦለዶቹን በትንንሽ ካርዶች ላይ ነበር የሚጽፈው። ከመሀልም ከመጨረሻም ይጀምራል፣ ካርዶቹን በኋላ ይደረድራቸዋል። አንተም ዛሬ እጅህን የሚጠራህን መስመር ውሰድ። የጨው ነገር ቢሆንልኝ ደስ ይለኛል፣ ግን ያንተ ምርጫ ነው።

ሌላው፣ ስትጽፍ ወደ ኋላ አትመለስ። አንተን የገደለህ በማግስቱ ማንበብህ ነው። እኔ በየቀኑ ሥራ ከመግባቴ በፊት አንድ ሰዓት ተኩል እጽፋለሁ። ትናንት የጻፍኩትን የመጨረሻዋን አንቀጽ ብቻ አነባለሁ፣ ከዚያ እቀጥላለሁ። ሌላውን ረቂቁ እስኪያልቅ አላየውም።

---

ተመራቂዋ | ማክሰኞ፣ ማታ 5፡34

ንጋት፣ ግን መሀል ላይ የሆነ ዓመተ ምሕረት ወይም ስም ስትረሺስ? እኔ አንድ ቁጥር ልፈልግ ብዬ ኢንተርኔት እከፍታለሁ፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት ይጠፋል። ስመለስ የጀመርኩት ዓረፍተ ነገር ወዴት ይሄድ እንደነበር አላስታውስም።

---

ንጋት_11 | ማክሰኞ፣ ማታ 5፡50

አትክፈቺ። ምልክት አድርገሽ እለፊ። እኔ ኮከብ (*) እጠቀማለሁ። «እ.ኤ.አ. በ* የተጀመረው ጥናት» ብዬ አልፋለሁ። ረቂቁ ሲያልቅ በመፈለጊያው ኮከቦቹን ብቻ አወጣና ባንድ ቀን እሞላቸዋለሁ። ጽሑፍሽ ውስጥ በሌላ ምክንያት የማይመጣ ምልክት ይሁን እንጂ የፈለግሽውን ተጠቀሚ።

ቃል ሲጠፋብኝም እንዲሁ ነው። «* የተሻለ ቃል» ብዬ እቀጥላለሁ። አንድ አንቀጽ ሙሉ ካልመጣልኝ «* እዚህ እህቱ የምትመጣበትን ግለጪ» እላለሁ። የሚገርመው፣ ሩቡን ያህል ስመለስ አላስፈለገውም። ጽሑፉ ያለሱ ሄዷል።

---

ጆሮ_ያለው | ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡15

አራተኛዋን ስለመፍራትህ አንድ ሐሳብ። ተናገራት።

ስልክህን መቅጃ ላይ አድርግና ለቅርብ ጓደኛህ እንደምትነግረው ተናገር። ማንም አይሰማውም። ከዚያ ራስህ እየሰማህ ጻፈው። እኔ ወረቀት ፊት ስቀመጥ ቋንቋዬ ይገተራል፣ የማላውቀው ሰው እሆናለሁ። ስናገር ግን «ከዚያ ምን ሆነ መሰለህ» እላለሁ፣ ታሪኩ ራሱ ይሄዳል።

አንድ ማሳሰቢያ። የተቀዳውን እንዳለ አትገልብጥ። ሲናገሩት የሚደጋገም ነገር ብዙ ነው። ቅደም ተከተሉንና ከአፍህ የወጡትን ጠንካራ ቃላት ብቻ ውሰድ።

---

ነፃ_ብዕር | ረቡዕ፣ ማታ 2፡40

ጠያቂያችን ልቦለድ እንደማይጽፍ መጀመሪያ ልብ አላልኩም። ያ መልሴን ይለውጠዋል። የራስህን ሕይወት ስትጽፍ የሆነው ነገር ሆኗል፣ ልትፈጥረው አትችልም። ምርጫህ የቱን ታነሣለህ የቱን ትተዋለህ የሚለው ላይ ነው። ለዚያ ዓረፍተ ነገር የሆነ ዕቅድ እንደሚጠቅም አሁን ይታየኛል።

ከኔ መንገድ የሚጠቅምህን ልስጥህ። ፒተር ኤልቦው የሚባል የጽሕፈት መምህር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያስፋፋው ነፃ ጽሕፈት የሚሉት ልምምድ አለ። ሰዓት ትሞላለህ፣ አሥር ደቂቃ በቂ ነው። ደወሉ እስኪጮኽ እጅህን አታቆምም። አትሰርዝም፣ ፊደል አታርምም። የምትጽፈው ካጣህ «የምጽፈው አጣሁ» እያልክ ትጽፋለህ። ከዚያ የወጣውን ሁሉ ረቂቅ ውስጥ አትከተውም። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትገኝ ትበቃለች። አብዛኛውን ጊዜ የምትገኘው ከሰባተኛው ደቂቃ በኋላ ነው፣ በኔ ልምድ።

---

ብዕረኛው_ጀማሪ | እሑድ፣ ቀን 9፡00

አራት ቀን ጠፋሁ። እየጻፍኩ ነበር። ስድስት ገጽ ሆኗል። ስድስት! አንዱንም አላነበብኩትም።

የጨውን ጻፍኩ። የሐኪሙን ጻፍኩ። አራተኛዋን እንደ ጆሮ ያለው ምክር ሌሊት ተናገርኳት። ስሰማው የራሴ ድምፅ እንደሷ ድምፅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጻፍኳት።

አሁን ሌላ ነገር ገጠመኝ። ትናንት ስለ እህቴ እየጻፍኩ ሳለ እናቴ ልብስ ስታጣጥፍ የምታንጎራጉረው ነገር ትዝ አለኝ። ቃሉ ጠፍቷት ዜማው ቀርቶ ነበር። ስለዚያ ሁለት ገጽ ሙሉ ወጣኝ። ዕቅዱ ውስጥ የለም። የእህቴ ነገር መሀል ላይ ቀረ። ልመለስ ወይስ ይህን ልከተል?

---

ንጋት_11 | እሑድ፣ ቀን 9፡12

ተከተለው! ሳይበርድ!

---

ተመራቂዋ | እሑድ፣ ቀን 9፡40

እኔ እዚህ ላይ እፈራለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ምዕራፍ ላይ እንዲህ የመጣልኝን ሁሉ ተከትዬ 40 ገጽ ጻፍኩ። አማካሪዬ 30ውን አውጪው አሉኝ። የሁለት ወር ድካም ነው። የሚከተሉትና የማይከተሉት በምን ይለያል?

---

ቀይ_እስክሪብቶ | እሑድ፣ ማታ 1፡30

ጥሩ ጥያቄ ነው ልጄ። እኔ የምለየው እንዲህ ነው። የመጣውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲታሰር እጠይቀዋለሁ። ከታሰረ፣ ያ ዓረፍተ ነገር ከሌሎቹ ጋር ይነጋገራል ወይ? ከተነጋገረ ይግባ። ካልታሰረ ወይም ብቻውን ከቆመ ሌላ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይቀመጥ። አይጠፋም፣ ግን እዚህ አይገባም። ይህ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ሁለት ወር ያድናል።

አሁን የወንድማችንን እንየው። የእንጉርጉሮው ነገር እንዴት ይታሰራል? እኔ ላስርልህ አልችልም። ግን የመጀመሪያ መስመርህን ተመልከት። «ስሜን ረሳች፣ ድምፄን ግን ታውቀው ነበር» ብለሃል። ቃሉ ጠፍቶ ዜማው ቀረ ትላለህ። ሁለቱ አይተዋወቁም?

የእህትህን ነገር በተመለከተ፣ ካቆምክበት ቦታ ቀጥሎ የሚመጣውን በአንድ መስመር ጻፍና ተነሣ። ደራሲው ሄሚንግዌይ በየዕለቱ የሚያቆመው ቀጥሎ የሚሆነውን እያወቀ ሳለ ነበር። ሁሉን አሟጦ አይነሣም። በማግስቱ ባዶ ወረቀት ፊት ላለመቀመጥ ነው። ይህን ምክር ለአርባ ሰው ሰጥቼ ይሆናል፣ የተጸጸተበት አላገኘሁም።

---

ብዕረኛው_ጀማሪ | እሑድ፣ ማታ 1፡52

ጋሼ... ይተዋወቃሉ። ስድስት ዓመት አብሬያት ሆኜ ይህን አላየሁትም ነበር። ሁሉም ከላይዋ ሲረግፍ ድምፅ ነው የቀራት።

ሄድኩ። ልጽፍ ነው።

---

የጽሕፈት_መምህር | እሑድ፣ ማታ 2፡10

ይህን መልስ ለተማሪዎቼ ላነብላቸው ቢፈቀድልኝ ደስ ይለኛል። ሰው የሚጽፈው የሚያውቀውን ብቻ አይደለም ስላቸው አያምኑኝም።

---

አዲስ_አንባቢ | ሰኞ፣ ጠዋት 4፡00

ስለ ሰዓት ልጠይቅ። እኔ ሥራም ልጅም አለኝ። ቀኑን ሙሉ የሚቀመጥ ሰው ብቻ ነው የሚጽፈው?

---

ንጋት_11 | ሰኞ፣ ጠዋት 4፡25

አይደለም። እንግሊዛዊው አንቶኒ ትሮሎፕ ለረጅም ዓመታት የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር። ከንጋቱ 11፡30 ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፤ የኔ ስም ላይ ያለችው 11 ከሱ የመጣች ናት። ሰዓቱን ፊቱ አስቀምጦ በየ15 ደቂቃው 250 ቃል ይጽፋል። ከዚያ ወደ ሥራው። እንዲህ እያለ ከ40 በላይ ልቦለድ ጽፏል።

250 ቃል ለረቂቅ ብዙ ነው እንዳትይ። እኔ በቀን 300 ነው የምጽፈው፣ አንዳንዴ ያነሰ። ልጅ ላላት ሴት 100ም ይበቃል። በወር 3000 ነው። ወሳኙ ሌሊት ላይ የነገውን መስመር ማወቅሽ ነው። ሳህን ስታጥቢ ስለሱ ታስቢያለሽ። ጠዋት ስትቀመጪ ግማሹ ተጽፏል።

---

አዲስ_አንባቢ | ሰኞ፣ ጠዋት 4፡31

100 ቃል እችላለሁ። ተባረኪ እህቴ።

---

ብዕረኛው_ጀማሪ | ሐሙስ፣ ማታ 5፡15

አለቀ።

14 ገጽ። 23 ቦታ ኮከብ አለው። ሁለት ቦታ እህቴን ደውዬ መጠየቅ አለብኝ፣ ከዚህ በፊት ያላወራነውን።

እንደገና ከመጀመሪያው አነበብኩት። እንደፈራሁት ብዙው ደካማ ነው። ግን አላጠፋሁትም። ከዚያ ጋሼ በሌላ መልእክት እንደመከሩኝ ከረቂቁ ላይ ወደ ኋላ ቢጋር ሠራሁ። እያንዳንዱን አንቀጽ አነበብኩና ጎኑ ላይ የሚለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። ሊሆን ይገባ የነበረውን ሳይሆን በእርግጥ የሚለውን። አራት አንቀጾች አንድ ነገር ሲደጋግሙ አገኘኋቸው። አንዱ አንቀጽ ምንም አይልም። የእህቴ ክፍል ከሐኪሙ በፊት መምጣት ነበረበት።

«የእናቴ ልጅነት» ደግሞ ማሰሪያውን አገኘ። እንጉርጉሮው በልጅነቷ የተማረችው ነው። አክስቴ ነገረችኝ። «የመጨረሻ የቀራት የመጀመሪያ የተማረችው ነው» ይላል አሁን።

መግቢያ አልጻፍኩም። የጨው አንቀጽ ራሱ ቢጀምረው ያስኬዳል መሰለኝ። ጋሼ፣ ጊዜ ካለዎት ያነቡልኛል?

---

ቀይ_እስክሪብቶ | ዓርብ፣ ጠዋት 12፡50

አነባለሁ ልጄ። በደስታ። ግን አሁን አትላከው። ሁለት ሳምንት አስቀምጠው። አትክፈተው፣ ለማንም አታሳይ። አሁን የምታነበው በወረቀቱ ላይ ያለውን ሳይሆን በልብህ ያለውን ነው። ሲርቅህ ወረቀቱ ላይ የሌለው ይታይሃል። እሱን ሞልተህ ላክልኝ።

ከእህትህ ጋር የምታወራውን ግን አታቆየው።

---

ብዕረኛው_ጀማሪ | ዓርብ፣ ማታ 3፡05

እሺ ጋሼ። አትሜው መሳቢያ ውስጥ አስገብቻለሁ። የማወጣበትን ቀን ላዩ ላይ ጽፌያለሁ።

እህቴ ጋ ደውዬ ነበር። ነገ ትመጣለች።